የመቅደላዊት ትከሻ

አማኑኤል፣ ጥቅምት 9 ቀን 2014 ዓ.ም.

ለእማሆይ ወለተ ኪዳን
ደጀን

እማሆይ፣ እንደምን ከረሙ? ክረምቱ እንዴት አለፈልዎት? ባለፈው ስልኩ ጆሮዬ ላይ ሲዘጋ ኔትወርክ ነው ብዬ ራሴን አሳምኜ ነበር። ደግሜ ስደውል ግን «ከአሁን በኋላ የምትይው ካለሽ በጽሑፍ አድርጊው፤ አፍ ይክዳል» አሉኝ። ይኸው በጽሑፍ አደረግኩት። የምጽፈው በትምህርት ቤቱ ኮምፒዩተር ነው፤ የምነካውን ፊደል እየጠራ ይነግረኛል። የእርስዎን መልስ ደግሞ ሳራ የምትባል የእንግሊዝኛ መምህርት ጓደኛዬ ታነብልኛለች። ስለዚህ ክፉ ቃል ሊልኩብኝ ካሰቡ ሳራም እንደምትሰማው ይወቁት።

ስልኩን ከመዝጋትዎ በፊት «በየትኛው ዐይንሽ ልታሳድጊያት ነው?» ብለው ለጠየቁኝ መልሴ ይህ ነው። በዐይኔ አይደለም የማሳድጋት። በእጄና በጆሮዬ ነው። ጌታሰው በሕይወት ሳለ መቅደላዊትን ያጠብኳት፣ ያጠባኋት፣ ሲያማት አብሬያት የነቃሁት እኔ ነኝ፤ ልጅዎ ይህን ለእርስዎ ሳይነግርዎት አልሞተም። ልጄ ሁለት ዓመት ሳይሞላት አባቷን ሕመም ወሰደው። በአርባው ቀን ድንኳን ውስጥ ሽማግሌዎቹ «ልጅቱ ከሚያያት ሰው ዘንድ ትደግ» ብለው ሲፈርዱ ጥቁር ለብሼ እዚያው ጥግ ላይ ተቀምጫለሁ። አንድም ሰው እኔን አልጠየቀም። ሥራም ቤትም አልነበረኝምና ዝም አልኩ። ዝም ማለቴ እስከ ዛሬ ይቆጨኛል።

አሁን ግን ትምህርቴን ጨርሼ አማኑኤል ተመድቤ አስተምራለሁ። ባለ ሁለት ክፍል ቤት ተከራይቻለሁ። ቅዳሜ ቅዳሜ ዐይናቸው በቅርቡ የጠፋ ትልልቅ ሰዎች ይመጡና እንዴት እንደሚራመዱ፣ እንዴት እንደሚያበስሉ ከእኔ ይማራሉ። ለባዕድ የሚበቃ ትምህርት ለልጄ ያንሳል?

ትኩሳት እንዳላት የማውቀው በማጅራቷ ነው። እጄን ገልብጬ በጀርባው አስነካታለሁ፤ መዳፍ ሥራ ስለሚያደነድነው ያታልላል። መቅደላዊት በመጪው መስከረም ትምህርት ቤት ትገባለች። ከእኔ ዘንድ ሆና እንድትገባ እፈልጋለሁ። ከእርስዎ ሌላ የምፈልገው ነገር የለም።

አክባሪዎ
ሙሉዬ


ደጀን፣ ኅዳር 14 ቀን 2014 ዓ.ም.

ይድረስ ለልጄ ሚስት ለሙሉዬ፣

እንደምን ሰንብተሻል? እኔ ስሙ ይመስገን ደህና ነኝ፤ ጉልበቴን ብቻ ቁርጥማቱ አልለቅ አለኝ። መልሱ ስለ ዘገየ ይቅርታ። መነጽሬ ተሰብሮብኝ ነው። ይህንንም የሚጽፉልኝ የቅኔ መምህሩ መሪጌታ አካለ ወልድ ናቸው፤ የአንቺንም እሳቸው ናቸው ሁለት ጊዜ ያነበቡልኝ። ስለዚህ ክፉ ቃል ልትልኪብኝ ካሰብሽ እሳቸውም ይሰሙታል።

ልጅቱ ደህና ናት። ጉንጯ ሞልቷል። እንቢ አላልሁሽም፤ እሺም አላልሁሽም። ልጅ እንደ ዶሮ ክንፉን ታስሮ ከቤት ቤት አይወሰድም። መጀመሪያ አኗኗርሽን ልወቀው። ከዚህ ጋር በሌላ ወረቀት ያጻፍሁልሽን ጥያቄ አንድ በአንድ፣ ሳታሳጥሪ፣ እኔ ቁጭ ብዬ እንደማይሽ አድርገሽ መልሺልኝ። ስለ ማጅራቱ ያልሽው ገብቶኛል።

የጌታሰው እናት
ወለተ ኪዳን


አማኑኤል፣ ታኅሣሥ 11 ቀን 2014 ዓ.ም.

እማሆይ፣ ጤና ይስጥልኝ። ስለ መነጽርዎ አዝናለሁ። መሪጌታንም ስለ ድካማቸው ያመስግኑልኝ።

የጥያቄውን ወረቀት ሳራ አንብባልኝ ስትጨርስ «ይሄ ፈተና ነው እንዴ?» አለች። ፈተና ከሆነ ልፈተን።

ጨውና ስኳር በዕቃቸው ነው የሚለዩት። የጨዉ ዕቃ አንገት ላይ ላስቲክ አለ፣ የስኳሩ ባዶ ነው። በርበሬና ሚጥሚጣ አንድ መደርደሪያ ላይ አይቀመጡም፤ ያንን የተማርኩት ዐይኔን ካሸሁ በኋላ ነው። የማያይ ዐይንም ያቃጥላል እማሆይ። ሻይ ስቀዳ ጣቴን ብርጭቆ ውስጥ አልነክርም፣ የሚነክሩ አሉ። ብርጭቆ እየሞላ ሲሄድ ድምፁ እየቀጠነ ይመጣል፤ እሱን እሰማለሁ። ለጀማሪ ግን ብርጭቆውን ሰፋ ባለ ሳህን ላይ አስቀምጦ መቅዳት ነው። ቢፈስም ሳህኑ ይይዘዋል።

በቤቴ በር ወይ ወለል ብሎ ይከፈታል ወይ ጥርቅም ብሎ ይዘጋል። ገርበብ ያለ በር ጠላቴ ነው፤ ግንባሬ ላይ ያለውን ጠባሳ እርስዎም ያውቁታል። የወደቀ ነገር ላነሣ ጎንበስ ስል አንዱን ክንዴን አጥፌ ፊቴን እከልላለሁ፣ የጠረጴዛ ጫፍ ማንንም አይምርም። ግድግዳ ተከትዬ ስሄድ የምዳስሰው በጣቶቼ ጀርባ ነው። ሚስማር ቢኖር ጀርባው ላይ ይንሸራተታል፤ የጣት ጫፍ ከሆነ ግን ይሰነጥቀዋል። ዕቃ ከቦታው የሚያነሣ ሰው ወደ ቦታው ይመልሰዋል፤ እንግዳም ቢሆን ተቆጥቼ አስመልሰዋለሁ።

ሰው መንገድ ላይ አስቁሞኝ «እስቲ ማን ነኝ?» ሲለኝ ስለማደርገው ደግሞ ጠይቀዋል። ልጅ ከማሳደግ ጋር ምን እንደሚያገናኘው አልገባኝም። «ስምህ ከጠፋብህ ቤተሰብህን ጠይቅ» ብዬ መንገዴን እቀጥላለሁ። እንደዚያ ያለውን ጨዋታ የሚጫወት ሰው ሞልቷል፤ አንድ ጊዜ ከሳቁለት ሁልጊዜ ያስቆምዎታል።

ለጥምቀት እመጣለሁ። ለመቅደላዊት ስንት ቁጥር ጫማ እንደሚሆናት በመሪጌታ ስልክ ያስነግሩልኝ።

ሙሉዬ


አማኑኤል፣ የካቲት 6 ቀን 2014 ዓ.ም.

እማሆይ፣ ምግብ ሳልቀምስ ተነሥቼ በመሄዴ ቅር እንደተሰኙ ደብዳቤዎ ነገረኝ። ይቅርታ ያድርጉልኝ።

እኔም ቅር ያለኝን ልናገር። ከአማኑኤል ማርቆስ፣ ከማርቆስ ደጀን በሁለት መኪና ተንገላትቼ ስደርስ ከመቀመጫዎ እንኳ ብድግ አላሉልኝም። ጌታሰው ሙሽራ አድርጎ ያመጣኝ ቀን ደጅ ድረስ ወጥተው ነበር የሳሙኝ። ያመጣሁልዎትን ጋቢ ስዘረጋልዎት እጅዎ አልተቀበለኝም። አየር ላይ ይዤው ቆሜ ቀረሁ፤ በመጨረሻ መቅደላዊት ናት መጥታ የወሰደችልኝ። ይሄ ንቀት ካልሆነ ምን ይባላል? መንገዱን ሙሉ ስቃጠል ተመለስኩ።

ልጄ «እንግዳዋ» አለችኝ። «እንግዳዋ ውሃ ጨርሳለች» ብላ ለእርስዎ ስትነግርዎት ሰማኋት። ሳቅፋት አንድ አፍታ ቆመችልኝ፤ «መቅደላ!» ሲሉ ግን ከእቅፌ ሾልካ በረረች። ስዳስሳት ቀሚሷ ሌላው ሁሉ ደህና ሆኖ የግራ ትከሻው ላይ ሳስቷል። ውሃ ያሸክሟታል ማለት ነው? የአምስት ዓመት ልጅ ናት እኮ። «ልጅቱ ራሷ አልፈለገችሽም» ብለው አጽፈዋል። እውነት ነው፣ አልፈለገችኝም። የማታውቀውን ሰው እንዴት ትፈልግ?

ስለ ልብስ የጠየቁትን ተናድጄም ቢሆን እመልሳለሁ። ጥቁሩን ከውስጥ በኩል ስፌቱ ላይ በተሰፋ ትንሽ ቁልፍ እለየዋለሁ፣ ነጩን ያለ ምንም እተወዋለሁ። ግን ይህ ሁሉ ጥያቄ መቼ ነው የሚያልቀው? አንዱን ስመልስ ሌላ ይመጣል፤ ልጄ ግን አትመጣም።

ሙሉዬ


አማኑኤል፣ መጋቢት 18 ቀን 2014 ዓ.ም.

እማሆይ፣

ዛሬ ሰላምታ አላበዛም። ሳራ የላኩትን ስታነብልኝ መሐል ላይ አስቆምኳት። «ቀኑና ሌሊቱ ሲደበላለቅብሽ ምን ታደርጊያለሽ?» የሚለው ላይ ስትደርስ ማለት ነው። «እንደገና አንብቢልኝ» አልኳት፤ አነበበችልኝ።

ቅዳሜ የሚመጡት ሰዎች፣ ገበሬውም ነጋዴውም፣ መጀመሪያ ስለ ጨው ይጠይቁኛል፣ ቀጥሎ ስለ በርና ግድግዳ፣ ቀጥሎ ሰው ሲያላግጥባቸው ምን እንደሚሉ። ከለመዱኝ በኋላ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ስለ ቀኑና ስለ ሌሊቱ ይጠይቁኛል። የሚያይ ሰው እንዲህ አይጠይቅም። የሚያይ ሰው «መንገድ እንዴት ትሻገሪያለሽ?» ብሎ፣ ከንፈሩን መጥጦ ይሄዳል።

ብድግ ያላሉልኝ በንቀት አልነበረም። ጋቢውን ያልተቀበሉኝም አላዩትም ነበር። ሁለታችን አንድ ቤት ውስጥ ፊት ለፊት ተቀምጠን እርስዎ ከእኔ ተደበቁ። ሌላ ሰው ቢሆን ወዲያው ያውቅብዎት ነበር፤ እኔን ማታለል ግን ምን ይከብዳል? የልጄ ቀሚስ ትከሻው ላይ የሳሳው የእርስዎ እጅ ውሎ አድሮበት ነው።

ማየት ካቆሙ ስንት ጊዜ ሆነዎት? ሞራ ከሆነ ይገፈፋል፣ ማርቆስ ድረስ ራሴ ይዤዎት እሄዳለሁ። እውነቱን ይንገሩኝ።

ሙሉዬ


ደጀን፣ ሚያዝያ 4 ቀን 2014 ዓ.ም.

ለሙሉዬ፣

ደረስሽብኝ። ብልህ ነሽ፤ ልጄ ለዚሁ ነው መሰል ያገባሽ።

ሞራ አይደለም። የዐይን ግፊት ነው አሉኝ። እኔ ጸበል ለጸበል ስዞር ውስጥ ውስጡን ሲገድለው ኖሯል፤ ሐኪም ዘንድ ስደርስ አለቀልሽ ተባልሁ። አንዱ ዐይኔ ካቻምና ጠፋ፤ ሁለተኛው ባለፈው ፍልሰታ ተከተለው። መነጽሬ አልተሰበረም፤ ሳጥን ውስጥ ነው።

መቅደላ ዐይኔ ናት። ጠዋት ትከሻዋን ይዤ ቤተ ክርስቲያን ሄጄ ኪዳን አደርሳለሁ። ድንጋይ ትለኛለች፣ ጉድጓድ ትለኛለች፣ ውሻ ትለኛለች። የማን ድምፅ እንደሆነ ቀድማ በጆሮዬ ትነግረኛለችና መንደሩ እስከ ዛሬ አላወቀብኝም። ትከሻዋን የምይዘው ደክሞኝ ይመስላቸዋል። ከልጆች ጋር አትጫወትም። ይህ ለልጅ አይገባም እንዳትይኝ፣ እኔም ያሳዝነኛል። ግን አንቺ ከሕፃንነትሽ ለምደሽዋል፤ እኔ ላይ በስተርጅና ነው የመጣብኝ። ከሁለታችን ለማን ታስፈልጋለች? ልጄን ቀበርሁ። ዐይኔን ቀበርሁ። እሷን አልሰጥም።

ሽማግሌዎቹ ዘንድ ልሂድ ትይ ይሆናል። ሂጂ። «ከሚያያት ዘንድ ትደግ» ብለው የለ? እኔም አላያትም። ግን ምን ብለሽ ነው የምትከሽኝ? «ይህች ሴት ዕውር ናትና ልጅ ማሳደግ አትችልም» በይ። ሰው በተሰበሰበበት፣ በራስሽ አፍ። ከዚያ ልጅቱን ለማን እንደሚሰጡ ቆመሽ ስሚ። የጌታሰው የአጎት ልጅ አበረ አለ፣ ሁለት ዐይን አለው፣ ልጅ አልወለደም። ያኔ ሁለታችንም ባዶ እጃችንን እንገባለን።

መሪጌታ ይህን አልጽፍም ብለው ነበር። ጻፉ አልኋቸው።

ወለተ ኪዳን


አማኑኤል፣ ሚያዝያ 28 ቀን 2014 ዓ.ም.

እማሆይ፣

ሳራ አንብባ ስትጨርስ አለቀሰች። እኔ አላለቀስኩም፤ ሦስት ቀን ግን አንድ ፊደል አልመታሁም።

ሽማግሌዎቹ ዘንድ አልሄድም። ያንን ቃል ከአፌ ካወጣሁት መቼም አልመልሰውም፤ ይህን አውቀው ነው የጻፉልኝ። መጥተው ከእኔ ጋር ይኑሩ ብዬ በመሪጌታ ስልክ ብልክብዎት «ምራቴ ቤት ጥግ ይዤ አልጦርም» አሉ። እሺ። እንግዲያው ሌላ መንገድ እንያዝ።

ልጄን የያዟት እንድትመራዎት ነው። እኔ ደግሞ መሪ አያስፈልግዎትም እላለሁ። እስከ ክረምቱ መውጫ ብቻዎን እንዲኖሩ አስተምርዎታለሁ፤ በተማሩ ጊዜ መቅደላዊትን ይልካሉ። መሪጌታ ለሁለታችንም ምስክር ይሁኑን። ይህን እሺ ካሉ የሚያስፈልግዎትን ሁሉ እጽፋለሁ፤ ከቻልኩም መጥቼ በእጄ አሳያለሁ።

በሰው እጅ ነጩን በትር ልኬልዎታለሁ። እንደ ምርኩዝ አይደገፉበት፤ ቀላል ነው፣ ይሰበራል። ከፊትዎ ዘርግተው ያወዛውዙት። ቀኝ እግርዎ ሲራመድ ጫፉ ግራውን ይንካ፣ ግራው ሲራመድ ቀኙን። ቀጥሎ እግርዎ የሚያርፍበትን መሬት በትሩ ቀድሞ ማወቅ አለበት። ቤት ውስጥ ይጀምሩ፣ ከዚያ እስከ ጓሮ፣ ከዚያ እስከ ቤተ ክርስቲያኑ አጥር። ሲለማመዱ መቅደላዊት አጠገብዎ አትቁም። አለች ብለው ካሰቡ እጅዎ ይፈልጋታል።

ይወድቃሉ። የወደቁበትን ቀን ሁሉ ለእኔ አይጻፉልኝ። ሁላችንም ወድቀናል፤ የእኔን ማንም አላነበበልኝም።

ሙሉዬ


ደጀን፣ ሐምሌ 8 ቀን 2014 ዓ.ም.

ለሙሉዬ፣

ሰላም ለአንቺ ይሁን። ክረምቱ ገባ። ሰኔ ላይ መጥተሽ ስላሳየሽኝ እግዜር ይስጥልኝ፤ አንቺ ስትሄጂ ግን ትምህርቱም አብሮሽ ሄደ።

ልማር እሺ ብዬሽ ነበር፤ አልቻልሁም። ዱቄቱን ደፋሁ። ጣቴን አቃጠልሁ። ነጩን በትር ይዤ ስወጣ መንደሩ አወቀብኝ፤ አሁን ማዘኑም መጠቃቆሙም በእኔ ሆኗል። አንዱ መንገድ ላይ አስቁሞ «እማሆይ፣ እስቲ ማን ነኝ?» አለኝ። እንዳስተማርሽኝ «ስምህ ከጠፋብህ ቤተሰብህን ጠይቅ» አልሁት። ለካ ቄስ ገበዙ ኖረዋል። መሪጌታ እስከ ዛሬ ይስቁብኛል።

ትናንት ደግሞ የጎረቤቴ የአወቀ ዶሮ ጓሮ ገብታ ጎመኑን ስትለቅመው ሰምቼ ወጣሁና አባረርኋት። መቅደላ ወፍጮ ቤት ነበረች፤ እሷ ብትኖር ኖሮ ያ ሁሉ ጎመን ተበልቶ አያልቅም ነበር። እንግዲህ ኑሮዬ ይህ ነው። ልጅቱ ሌላ ዓመት ትቆይልኝ። ትምህርት አያመልጣትም።

ደግሞ ያልነገርሽኝ አንድ ነገር አለ፣ በሌላው ወረቀት ላይ አለልሽ። ሳትረሺ መልሺልኝ።

ወለተ ኪዳን


አማኑኤል፣ ነሐሴ 1 ቀን 2014 ዓ.ም.

እማሆይ፣

ለመሆኑ ጓሮ ድረስ ማን መራዎት? ልጅቱ ወፍጮ ቤት ነበረች ብለዋል። ደጁን ከፍተው፣ ደረጃውን ወርደው፣ መደቡን ዞረው፣ ዶሮዋን በድምፅዋ ተከትለው አባረሩ። ከቅዳሜ ተማሪዎቼ መካከል ይህን በሁለት ወር የቻለ አንድም የለም። መጀመሪያ ሳቅኩ፤ ቀጥሎ ገባኝና ሳቄ ጠፋ።

ችለዋል። የማይችሉ መስለው የሚጽፉልኝ ከቻሉ ልጄን ስለሚልኩ ነው። ሰኔ ላይ ስመጣም ሆን ብለው ሁለት ጊዜ ደረጃው ላይ ተደናቀፉ፤ እግርዎ ደረጃውን ያውቀው እንደነበር ከአረማመድዎ ሰምቼ ዝም አልኩ። እንዲያፍሩ አልፈለግኩም። አሁን ግን አላዝንልዎትም።

ከእንግዲህ አንድ ጥያቄ አልመልስም። የደም ግፊቱን ክኒን ከስኳሩ ክኒን እንዴት እንደሚለዩ የጠየቁትንም አልመልስም። አደገኛ እንደሆነ አውቃለሁ፣ እያወቅኩ ነው የምለው። ልጄ አማኑኤል የደረሰች ቀን መልሱ ይደርስዎታል። እስከዚያ ድረስ መቅደላዊት ትለይልዎት፤ ማንበብ እንኳ አላስተማሯትም።

ሳራ ይህን አትላኪ አለችኝ። ልኬዋለሁ።

ሙሉዬ


ደጀን፣ ጳጉሜን 2 ቀን 2014 ዓ.ም.

ለሙሉዬ፣

በዘመን መለወጫ ማግስት ከመሪጌታ ጋር ትመጣለች። ልብሷን አጥቤ አስሬላታለሁ። ሽሮ አትወድም። ነጎድጓድ ትፈራለች። ክኒኑን ጻፊልኝ።

ወለተ ኪዳን


አማኑኤል፣ ጥቅምት 3 ቀን 2015 ዓ.ም.

እማሆይ፣ እንኳን አደረሰዎት። በመሪጌታ እጅ የላክኩት የክኒን ነገር እንደ ገባዎት ተስፋ አለኝ። ድጋሚ ልንገርዎት፣ ጠዋት የሚዋጠው የግፊቱ ዕቃ ላይ ላስቲክ፣ ማታ የሚዋጠው የስኳሩ ላይ ምንም፤ ሁለቱን ዕቃ አንድ ጊዜ አይክፈቱ። ያዘገየሁት ክፋቴ ነው። ይቅር ይበሉኝ።

ልጄ መጣች። ደስታዬን ልጽፍልዎት ተቀምጬ ሌላ ነገር ልጽፍ ነው። ከመኪና ስትወርድ ሰላም እንኳ ሳትለኝ እጄን ፈልጋ ትከሻዋ ላይ አኖረችው። ከዚያ ወዲህ አልለቀቀችኝም። የገዛ ደጃፌን «ደረጃ» ትለኛለች። ሽንት ቤት ስገባ በሩ ላይ ቆማ ትጠብቀኛለች። ሰፈር ውስጥ እኩያዎቿ ገመድ ሲዘሉ ትሰማለች፤ ሂጂ ስላት ቀሚሴን ጠበቅ አድርጋ ትይዛለች። አንደኛ ክፍል አስገባኋት፤ ከክፍሏ አምልጣ እኔ የማስተምርበት ክፍል መጥታ አጠገቤ ቆመች። አሁን ተማሪዎቼ «የቲቸር ዱላ» ይሏታል። ዳይሬክተሩም ወይ ትማር ወይ ቤት ትቀመጥ ብሎኛል።

ባለፈው ሳምንት ለሳራ ትቻት ብቻዬን ገበያ ደረስኩ። ስመለስ ጮኻ ጮኻ ድምፅዋ ጠፍቷል፤ ሳራ በግድ ይዛታለች። «ምንድን ነው የምትፈሪው?» ስላት እጄን ወስዳ ትከሻዋ ላይ ትመልሰዋለች። እኔ መሪ አልፈልግም እማሆይ፤ ልጅ ነው የምፈልገው። እንድትጫወት፣ እንድትረብሸኝ፣ ዕቃዬን ከቦታው አንሥታ እንድትጥልብኝ እፈልጋለሁ።

ዓመት ሙሉ እርስዎ ጠየቁ፣ እኔ መለስኩ። አሁን ልጠይቅ። መሪጌታ እንደነገሩኝ ደጀን መናኸሪያ ላይ ልጅቱ ከእርስዎ አልለይም ብላ ሰው ሁሉ ታግሎ አቅቶታል፤ እርስዎ በጆሮዋ አንድ ነገር ሲነግሯት ግን ወዲያው ለቀቀችዎት። ምን አሏት? ያንኑ ቃል እኔም ልንገራትና እጄን ትልቀቅልኝ። እባክዎን ይመልሱልኝ።

ሙሉዬ


ደጀን፣ ኅዳር 1 ቀን 2015 ዓ.ም.

ለሙሉዬ፣

እንደምን ሰንብተሻል? እኔ ደህና ነኝ። ክኒኑን እንዳልሽው ለይቼ ይዣለሁ። ኪዳን ብቻዬን ደርሼ፣ ብቻዬን እመለሳለሁ። ቄስ ገበዙም ሲያገኙኝ ስማቸውን አስቀድመው ይናገራሉ።

የጠየቅሽኝን እመልሳለሁ፤ አንቺም የጠየቅሁሽን ሁሉ መልሰሽልኛል። ያን ቀን ቀሚሴን በሁለት እጇ ይዛ «እማሆይን ማን ይመራታል?» እያለች ታለቅሳለች። ሹፌሩ ጥሩምባ ይነፋል። መሪጌታ ቢጎትቷት ነከሰቻቸው። ጎንበስ አልሁና በጆሮዋ እንዲህ አልኋት፦ «አማኑኤል ውስጥ እዚህ ደጀን እንደምታውቂው ያለ ገደል አለ። ከየትኛው መንገድ ዳር እንደሆነ አልነግርሽም። አባትሽ የሞተው እዚያ ገብቶ ነው። እናትሽ አታየውም። እጇን የለቀቅሽ ቀን ትገባለች።» ወዲያው ለቀቀችኝ፤ መሪጌታን ቀድማ ሮጣ መኪናው ላይ ወጣች።

ቁጣ ነበረብኝ፣ አልዋሽሽም። የክኒኑን መልስ ከከለከልሽኝ በኋላ የቱን እንደ ዋጥሁ ሳላውቅ ነበር የማድረው። ግን በቁጣ ብቻ አይደለም። ከእኔ የሚያላቅቃት ሌላ ነገር አጣሁ። ሰው መምራት ነው የምታውቀው፤ የሚመራ ሰው ሰጠኋት።

መሪጌታ ይህን እየጻፉ «ውሸት ነው ብላ እናትየዋ ትንገራት» ይሉኛል። ንገሪያት እንግዲህ። ሳራም ትንገራት፤ «ገና ያልሄድንበት መንገድ አለ» ትላታለች። አንቺ ገደል የለም ስትያት ግን «በምን አየሽው?» ነው የምትልሽ።

ስላስተማርሽኝ ሁሉ እግዚአብሔር ይስጥልኝ።

ወለተ ኪዳን